የደጁ ሐኪም፦ ለረጅም ጊዜ ቪዛ ስለሚደረገው የጤና ምርመራ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ነገር ከሊቃውንት ጉባኤ ይልቅ በየሻይ ቤቱና በየኤምባሲው ደጃፍ ሲነገር የሚሰማ ነው፤ ይኸውም ወደ ባዕድ ሀገር ሄዶ ለመኖር፥ ለመማር ወይም ሠርቶ ለማደር የሚነሣ ሰው የረጅም ጊዜ ቪዛ ከማግኘቱ አስቀድሞ በግድ የሚያልፍበት የሕክምና ምርመራ ነው። ስለ ፓስፖርት፥ ስለ ትምህርት ማስረጃ፥ ስለ ባንክ ደብተርና ስለ ቆንስሉ ጥያቄ ሰው ሁሉ አንዱ ሌላውን ሲመክር ይውላል፤ ልብሱን እስከ ወገቡ አውልቆ ደረቱን በቀዝቃዛው የራጅ ሰሌዳ ላይ ስላስጠጋባት ሰዓት ግን ወይ በቀልድ ያልፋታል፥ ወይ ጨርሶ ዝም ይላል። ለዝምታው ምክንያት አለው፤ የጎደለ ሰነድ ተሯሩጦ ይሟላል፥ የገዛ ሳንባውን ግን አይቶት የሚያውቅ የለምና፥ ገልጦት በማያውቀው መጽሐፍ እንደሚፈተን ተማሪ ሆኖ ይሰቀቃል።

ስለዚህ ምርመራ የምናገረው ሄያጁን ለማስፈራት ወይም ለማባበል ብዬ አይደለም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ በዚያች ክፍል ነጭ ጋውን ለብሶ የተቀመጠው ሐኪም የማን ሐኪም ነው? በፊቱ የቆመው ሰው ሐኪም ነው፥ ወይስ ደጁን የሚያስጠብቀው የሩቁ መንግሥት ሎሌ ነው? የዚህ ጥያቄ መልስ በየዘመኑና በየሀገሩ እንዴት እንደ ተለዋወጠ አብረን እያየን እንሄዳለን። የምጠራቸው ዓመታት፥ በመጨረሻ ከምጠቅሰው የሀገራችን አዋጅ በቀር፥ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የነገሩ ጥንት ከቪዛም ከራጅም እጅግ ይርቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 እና 14 የተጻፈውን ሥርዐት ልብ ብለን ያየን እንደ ሆነ፥ በሥጋው ቆዳ ላይ እባጭ ወይም ቋቁቻ የታየበት ሰው ወደ ካህኑ እንዲቀርብ፥ ካህኑም ጠጕሩ ነጭ መሆኑንና ደዌው ከቆዳው ዘልቆ መግባቱን እንዲመረምር፥ ነገሩ ያልተለየለት እንደ ሆነም ሰባት ቀን ዘግቶ አቆይቶ ደግሞ እንዲያየው፥ አሁንም ካልጠራ ሌላ ሰባት ቀን እንዲጨምር ታዝዞ እናገኛለን። ዛሬ ሐኪሙ አጠራጣሪ ራጅ አይቶ ተመርማሪውን ለጊዜው ሲያቆየው የሚሠራው ሥራ በመልኩ ከዚህ ብዙ አይለይም። በዚያ ሥርዐት ካህኑ መድኃኒት አይቀባም፥ ቁስልም አያጥብም፤ ግብሩ ማየት፥ መለየትና ማስታወቅ ነው። ድውዩ ከሰፈር ውጭ ይቀመጣል፤ የዳነ እንደ ሆነ ግን ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወጥቶ ሄዶ ያየዋል፥ የመንጻቱንም ሥርዐት ፈጽሞለት ወደ ወገኖቹ ይመልሰዋል። ይህን የመጨረሻውን ክፍል አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ብዙ መንግሥታት የፊተኛውን ወርሰው የኋለኛውን ትተውታልና።

በመካከለኛው ዘመን ይህን ሥልጣን የወደብ ሹማምንት ተረከቡት። ራጉዛ ትባል የነበረችው የአድርያቲክ ባሕር ከተማ፥ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፥ ቸነፈር ካለበት ሀገር የሚመጣ ሰው ሠላሳ ቀን በገለልታ ሳይቆይ እንዳይገባባት በ1377 ደነገገች፤ ቬኒስም በ1423 በአንዲት ደሴት ላይ ለቸነፈር ሕሙማን የተለየ ቤት አቆመች። በዚያ ዘመን ዋናው መርማሪ ጊዜ ነበረ፤ የሰው ዐይን ሊያየው ያልቻለውን ደዌ የቀኑ ርዝመት ይገልጠው ነበርና።

ምርመራው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በማርች 3 ቀን 1891 ባወጣው ሕግ፥ አስጸያፊ ወይም አደገኛ ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው ወደ ሀገሪቱ እንዳይገባ ከለከለ፥ መጤዎችንም የመንግሥት ሐኪሞች እንዲመረምሩ አዘዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት በጃንዋሪ 1 ቀን ደግሞ በኒው ዮርክ ወደብ የኤሊስ ደሴት ጣቢያ ተከፈተ። ይህ ጣቢያ በ1954 እስኪዘጋ ድረስ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎበታል። ከመርከብ የወረደው መንገደኛ ጓዙን ተሸክሞ፥ ሕፃናቱን አስከትሎ፥ ወደ ታላቁ አዳራሽ የሚያደርሰውን ደረጃ ሲወጣ፥ ምርመራው ገና ያልተጀመረ እየመሰለው፥ ሐኪሞቹ ከላይ ቆመው ትንፋሹ ማጠሩን፥ እግሩ ማንከሱን፥ ዐይኑ መፍዘዙን ይመለከቱ ነበር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ የጠረጠረውን በቃል ከመናገር ይልቅ በጠመኔ በኮቱ ላይ ይጽፈው ነበር፤ ለልብ ኤች፥ ለዐይን ኢ፥ ለማንከስ ኤል፥ አእምሮው ለተጠረጠረ ሰው ኤክስ። የቋንቋው ፊደል ያልገባው የገበሬ ልጅ ምን ተጽፎበት እንደ ተለየ ሳያውቅ ከቤተ ሰቡ ተነጥሎ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። ብልኆቹ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው አለፉ ተብሎም ይተረካል፤ እኔ እንኳ ይህን ስሰማ በእነርሱ ለመፍረድ አልደፍርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን የዐይን ምርመራው ነበር። ሐኪሙ የዐይኑን ቆብ በጣቱ፥ አለዚያም ለጫማ ቁልፍ በተሠራ መንጠቆ ገልብጦ ትራኮማ መኖሩን ያይ ነበር፤ የተገኘበትም ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው በመጣበት መርከብ መመለስ ነበር። ይህን ደዌ እኛ ከመጽሐፍ አንማረውም፤ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚፍቀውን ሽፋሽፍት በወረንጦ እየነቀሉ ዕድሜያቸውን የፈጸሙ እናቶች በየገጠሩ ነበሩን፥ ዛሬም አሉን፤ ኢትዮጵያም እስከ ዘመናችን ድረስ ይህ ደዌ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም ሀገሮች አንደኛዋ ናት። ስለዚህ ያ መንጠቆ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጎንደር መጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ይመልስ እንደ ነበረ መገመት አያቅትም። ዛሬ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ለሕዝብ በሚታደል የአዚትሮማይሲን ኪኒን ከአካባቢው ሊነቀል የሚችል ደዌ ሆኗል፤ በዚያን ጊዜ አስመላሽ የነበረው በሽታ በዚህ ጊዜ በጤና ጣቢያ የሚታደል መድኃኒት አለው። ደዌውን የማይሻር የሀገር ነውር አስመስሎት የኖረው የመድኃኒቱ መዘግየት ነበር።

ስለ ኤሊስ ደሴት ሁለት ነገር መናገር ይገባል፥ አንዱ የሚያሳፍር፥ ሁለተኛው የሚያስመሰግን። የሚያሳፍረው በአንደኛና በሁለተኛ ማዕርግ የተሳፈሩት በመርከባቸው ላይ እንደ ተቀመጡ በቀላሉ ታይተው ወደ ከተማይቱ ሲወርዱ፥ በታችኛው ክፍል የመጡት ድኾች ብቻ ወደ ደሴቲቱ መነዳታቸው ነው፤ ተሕዋሲው የቲኬቱን ዋጋ የሚጠይቅ ይመስል። የሚያስመሰግነው ደግሞ በዚያው ደሴት ላይ ከ1902 ጀምሮ ሆስፒታል ተከፍቶ፥ ሊድን የሚችለው እየታከመ፥ ከዳነም በኋላ እየተፈቀደለት መግባቱ ነው። በጠቅላላው የተመለሱት ከመቶ ሁለት ያህል ነበሩ። ይህ ቁጥር ትንሽ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከመቶው ሁለቱ የአንድ ቤት እናት ወይም የአንድ ቤት ሕፃን ሲሆኑ፥ የቀሩት ይግቡ ወይስ አብረው ይመለሱ የሚለውን ምክር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆመው የመከሩት ቤተ ሰቦች ቁጥሩን ትንሽ አይሉትም።

ደጁ ከወደብ ተነሥቶ ወደ ሄያጁ ሀገር የመጣበት ምክንያት የገንዘብ ነገር ነው። በ1903 የወጣው ሕግ፥ በመነሻው ወደብ ሊታወቅ ይችል የነበረ በሽታ ያለበትን ሰው ያመጣ የመርከብ ኩባንያ ስለ አንዱ ሰው መቶ ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ፤ የተመለሰውንም ሰው በገዛ ኪሳራው መልሶ መውሰድ ነበረበት። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሐኪም ቀጥረው መንገደኞቻቸውን ከመሳፈራቸው አስቀድመው ማስመርመር ጀመሩ፤ በሀምቡርግ ከተማ ለዚሁ ነገር ከ1901 ጀምሮ የስደተኞች አዳራሾች ተሠርተው ነበር። በኋላም የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ መጤው ሁሉ በሀገሩ ካለው ቆንስል ቪዛ እንዲይዝ ባዘዘ ጊዜ፥ በ1925 የአሜሪካ መንግሥት ሐኪሞች በአውሮጳ ቆንስላዎች ይመደቡ ጀመር። ይህ ለውጥ ባሕር ተሻግሮ ከመመለስ ጣጣ ሰውን ያዳነ መልካም ለውጥ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚወድቀው ሰው በጋዜጠኛና በጠበቃ ፊት መውደቁ ቀርቶ፥ በገዛ ከተማው በአንድ ጸጥ ያለ ክሊኒክ ውስጥ፥ ማንም ሳያየው የሚወድቅ ሆነ።

እንግዲህ ወደ እኛ ከተማ እንምጣ። ወደ አሜሪካ በዲቪ ዕጣ ወይም በዘመድ ጥሪ ለመሄድ የሚጠይቅ ሰው የሚመረመረው እርሱ በወደደው ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ኤምባሲው በመደበው ሐኪም ዘንድ ነው፤ በአዲስ አበባም ይህን ሥራ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፥ ሰው በአጭሩ አይ.ኦ.ኤም የሚለው፥ ሲሠራው ቆይቷል። ድርጅቱ በ1951 የተቋቋመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤታቸው የፈረሰባቸውን አውሮጳውያን ወደ ሌላ ሀገር ለማሻገር ነበር፤ ዛሬ በደጁ የሚሰለፈው የእኛ ልጅ ይህን አያስበውም እንጂ በዚያ ሰልፍ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ነጮች ነበሩ። ተመርማሪው ፓስፖርቱን ያሳያል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይህም በሌላ ሰው ሳንባ ለማለፍ የሚሞክር ስለማይጠፋ ነው። ያለፈ በሽታውን ይጠየቃል፥ ቁመቱና ክብደቱ ይለካል፥ ዐይኑ፥ ጆሮው፥ ልቡ፥ ሆዱ፥ ቆዳው ይታያል፥ ለቂጥኝና ለመሳሰለው ደም ይሰጣል፥ የክትባት ካርዱም ይመረመራል። ክትባት ግዴታ የሆነው በ1996 በወጣው ሕግ ስለ ሆነ፥ በሕፃንነቱ ተከትቦ ካርዱ የጠፋበት ጎልማሳ እንደ ገና እጅጌውን ይሰበስባል፤ ይህ የሚጎዳው ነገር የለምና ብዙ አናወራበትም።

ዋናው ነገር ሳንባ ነቀርሳ፥ ሕዝቡ ቲቢ የሚለው ነው፤ ዕድሜው ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሁሉ የደረት ራጅ ይነሣል፥ ከሁለት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያሉት ልጆች ደግሞ በደም ይመረመራሉ። የዚህን ደዌ ጠባይ የማያውቅ ሰው ምርመራውን ክፋት አድርጎ ያየዋልና ጥቂት ልቆይበት። ሮበርት ኮህ ተሕዋሲውን ማግኘቱን በበርሊን ያስታወቀው በማርች 24 ቀን 1882 ነው፤ ሮንትገንም የራጅን ጨረር በ1895 አገኘ፤ እነዚህ ሁለቱ ግኝቶች ባይኖሩ ይህ ንግግርም ባልኖረ ነበር። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ተሕዋሲውን በሥጋው ውስጥ ተኝቶ ይዞት እንደሚኖር ይገመታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሳይታመሙ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ራጅ የሚያሳየው ጥላ ነው፤ ጥላው አሁን የሚነድ ሕመም ይሁን፥ ወይም ከብዙ ዘመን በፊት ታክሞ የዳነ ሰው ጠባሳ ይሁን፥ ራጁ ብቻውን ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ጥላ የታየበት ሰው በሦስት የተለያዩ ቀናት ማለዳ አክታውን እየሰጠ፥ አክታው በማይክሮስኮፕ ይታያል፥ ከዚያም ተሕዋሲው ካለ እንዲያድግ በቤተ ሙከራ ይዘራል። አንዳንዱ ባክቴሪያ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሲባዛ፥ ይህኛው አንድ ጊዜ ለመባዛት ሃያ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ውጤቱ እስከ ስምንት ሳምንት የሚዘገየው የተዘራው ዘር ዘገምተኛ ስለ ሆነ ነው፥ ብዙ ሰው እንደሚጠረጥረው ግን ጉቦ ተፈልጎ አይደለም።

ተሕዋሲው የበቀለ እንደ ሆነ ሰውየው ይታከማል። ለሁለት ወር አራት ዐይነት መድኃኒት፥ ከዚያም ለአራት ወር ሁለት ዐይነት መድኃኒት፥ ኪኒኑን ሲውጥ የጤና ባለሙያ በዐይኑ እያየው ይወስዳል፤ ስድስቱን ወር ፈጽሞ አክታው ንጹሕ ከሆነ ጕዞው ይፈቀድለታል። አሁን ከኦሪቱ ያስያዝኋችሁን ቃል አስቡት። እዚህ ላይ ሐኪሙ ድውዩን ከሰፈር ካስወጣው በኋላ ተመልሶ ሄዶ አይቶታል፤ ይህ የምርመራው ፍትሐዊ ክፍል ነው፥ በዚህም ምክንያት ሕመሙን ሳያውቅ ይኖር የነበረው ሰው፥ ከእርሱም ጋር በአንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆቹ፥ ቪዛው ቢመጣም ባይመጣም አትርፈዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በማከም የታወቀው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በእንጦጦ ጥግ ተቀምጦ ሳለ፥ ብዙ ሰው ለቪዛ ካልሆነ በቀር ደረቱን አስመርምሮ አያውቅም። ለምጽም፥ በሐኪሞች አነጋገር የሥጋ ደዌ የሚባለው፥ ዛሬም በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ግን ከ1965 ጀምሮ አለርት የተባለ የዚህ ደዌ ሆስፒታልና ማሠልጠኛ ያላት ከተማ ናት፥ መድኃኒቱን በአግባቡ የጀመረ ሰውም ደዌውን ወደ ሌላ እንደማያስተላልፍ ሐኪሞች ሁሉ ያውቃሉ።

ነገር ግን ሕክምናው ፍትሐዊ ሆኖ ሳለ የቀን መቁጠሪያው ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል። በ1990 በወጣው ሕግ የተመሠረተው የዲቪ ዕጣ የደረሰው ሰው ጉዳዩን ሁሉ በዚያው የበጀት ዓመት፥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን ካልፈጸመ ዕድሉ ይሞታል፤ ሕመም ይሁን ሌላ ምክንያት አይጠየቅም። ስለዚህ በሐምሌ ወር የተመረመረ ሰው ጥላ ከታየበት፥ ስምንቱ ሳምንት ብቻ ዓመቱን ይበላበታል፤ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ ነገሩ አለቀ። በዚያው ሕመም በኅዳር የተመረመረው ጎረቤቱ ታክሞ ድኖ ይሄዳል። ሁለቱን የለያያቸው የቀጠሯቸው ወር ብቻ ነው። ምርመራውም ራሱ ቢበዛ ስድስት ወር ብቻ የሚጸና ስለ ሆነ፥ ቪዛው ከዚያ አያልፍም፤ ንብረቱን ሸጦ ሠርግ ደግሶ ሲሰናበት የሰነበተ ሰው ቀኑ አልፎበት እንደ ገና ወደ ራጅ ክፍል ሊመለስ ይችላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። የተመደበው ሐኪም ቪዛ አይሰጥም፥ አይከለክልምም፤ ፈራጁ ቆንስሉ ነው፥ ሐኪሙ ምስክር ነው። ምስክርም ስለ ሆነ፥ ተመርማሪው የሚነግረው ነገር በተለመደው ሐኪሙና በእርሱ መካከል እንደሚቀር ምሥጢር አይደለም፤ ይጻፋል፥ ይላካል፥ ይነበባል። ይህን ለተመርማሪው አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባ ነበር። ለምሳሌ ስለ ሱስ ይጠየቃል፤ በሀገራችን ጫት መቃም በሕግ የማይከለከል ስለ ሆነ ስለ ጫት መናገር ስለ ቡና የመናገር ያህል ይቀለዋል፥ በአሜሪካ ሕግ ግን በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን እጅግ ከተከለከሉት ነገሮች ተርታ የተመደበ ነው። እንዲዋሽ አልመክርም፤ ውሸት በተገኘ ጊዜ ከሕመም ይልቅ የከፋ ጥፋት ሆኖ በሰውየው ላይ ይቀራልና። ነገር ግን አንድ ሰው ምስክርነት ሲሰጥ ምስክርነት መሆኑን ማወቅ መብቱ ነው።

ስለ ኤች.አይ.ቪ. ሳልናገር ብቀር ነገሩን ገደፍሁት ማለት ነው። አሜሪካ ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው እንዳይገባ ከለከለች፤ ክልከላውም እስከ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጸና። በሽታው በመተንፈስ እንደማይተላለፍ ሐኪሞች አውቀው ሳለ ሕጉ ሃያ ሁለት ዓመት ቆየ፤ የቅርብ ዘመድ ላለው ሰውና ለስደተኛ በልዩ ፈቃድ የሚከፈት ጠባብ በር ነበር እንጂ። በኢትዮጵያ የቫይረሱ መድኃኒት ለሕዝብ በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 መሆኑን ስታስቡ፥ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ለቪዛ ደም ሰጥቶ ውጤቱን የሰማው ሰው የደረሰበትን መገመት ትችላላችሁ። በአንድ ቀን፥ በአንድ ወረቀት፥ ሕመሙን አወቀ፥ መንገዱ ተዘጋ፥ በነፃ የሚታደል መድኃኒትም አልነበረም። በእስራኤልም በጃንዋሪ 1996፥ ከኢትዮጵያ የሄዱት ወገኖች ለሕሙማን ይሁን ብለው የሰጡት ደም በዚሁ በሽታ ፍርሃት በስውር ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ተገልጦ፥ ብዙ ሺህ ሰው በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥቶ አዝኗል፥ ተቆጥቷልም። አንድን ሰው መመርመርና አንድን ወገን ሁሉ መጠርጠር የተለያየ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ሌሎቹን ሀገሮች በአጭሩ ልለፋቸው። እንግሊዞች ከስድስት ወር በላይ ሊቀመጥ ከሀገራችን ከሚሄደው ሰው የሚጠይቁት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ብቻ ነው። ካናዳ ደግሞ ከተላላፊው በሽታ ሌላ የወጪን ነገር ታሰላለች፤ ሰውየው ለሕክምና ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ያስወጣል ተብሎ ሊከለከል ይችላል፥ የክልከላውም ወሰን በ2018 ሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጎ ቀሏል። ሂሳብ የሚያስብ መንግሥት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ይህ ጕዳይ የመዝገብ ቤት ሥራ ሆኖ ሳለ የሐኪም ጋውን ለብሶ መምጣቱን አልወደድሁትም።

በብርቱ የምከራከረው ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች አሠራር ጋር ነው፤ ከእኛ ልጆች የሚበዙት የሚሄዱት ወደዚያ ነውና። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፥ ወደ ኩዌት፥ ወደ ኤሚሬቶች ወይም ወደ ጎረቤቶቻቸው ለቤት ሥራ የምትሄድ ልጅ በሀገሯ በተፈቀደ ክሊኒክ ትመረመራለች፤ ከደረሰችም በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት እንደ ገና ትመረመራለች። ለሳንባ ነቀርሳ፥ ለኤች.አይ.ቪ.፥ ለጉበት ቫይረስ፥ እንዲሁም ለእርግዝና ትመረመራለች፤ እርግዝና በሽታ የሆነበት ምርመራ እንግዲህ ይህ ነው። «ሜዲካል ወደቀች» ይላሉ ደላሎቹ፥ ነገሩም በዚህ ቃል ያልቃል። በምን እንደ ወደቀች ብዙ ጊዜ የሚያስረዳት የለም፤ ውጤቱ የሚሄደው ወደ ኤጀንሲውና ወደ አሠሪው ነው። ከደረሰች በኋላ ኤች.አይ.ቪ. የተገኘባት እንደ ሆነ የሚጠብቃት ወደ ሀገሯ መባረር ነው፥ በእጇም የሕክምና ወረቀት ላይኖር ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የሀገራችን የውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የመጓጓዣውን ወጪ በአሠሪው ላይ ሲጥል፥ የሕክምና ምርመራውን ክፍያ ግን በሠራተኛው ላይ አድርጎታል፤ ስለዚህ ልጅቱ ለሌላ ሰው ጥቅም የተደረገውን፥ ውጤቱ እንኳ የማይነገራትን ምርመራ፥ እናቷ በግ ሸጣ በላከችላት ገንዘብ ትከፍላለች። ይህ ከኦሪቱ ሥርዐት ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ካህኑ እንኳ ፍርዱን ለድውዩ ራሱ በፊቱ ይነግረው ነበር።

ስለ ሆነም ፍርዴን አልሸሽግም። መንግሥት ደጁን ሊጠብቅ፥ የሚገባውንም ሰው ሊያስመረምር ይገባዋል፤ እኛም በኅዳር ወር ቆሻሻ እያቃጠልን የምናስበው የ1918 ወረርሽኝ ልጆች ነንና ይህን መብት ለሌላው ልንነፍገው አንችልም። ነገር ግን መርምሮ የሚያክም ደጅና መርምሮ የሚጥል ደጅ በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም፤ የፊተኛው ሕክምና ነው፥ የኋለኛው የዕቃ መለያ ነው።

ለመሄድ የምትዘጋጁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቀጠሯችሁን ለወሩ መጨረሻና ለዓመቱ ጫፍ አታዘግዩት። ከዚህ ቀደም ለሳንባ ታክማችሁ እንደ ሆነ የሕክምና ካርዳችሁንና የድሮውን ራጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የዛሬውን ጥላ ጠባሳ መሆኑን ሊመሰክርላችሁ የሚችለው የትናንቱ ራጅ ነውና። እርጉዝ የሆነች ሴት ወደ ራጅ ክፍል ሳትገባ ትናገር፤ ሆዷን በእርሳስ መከላከያ መሸፈን ወይም ምርመራውን እስክትወልድ ማቆየት ይቻላልና። የሚጻፈውን ጠይቁ፥ ቅጂውንም ጠይቁ። የኤጀንሲ ባለቤቶችና ለባሕረ ሰላጤው ሥራ የምትመረምሩ የክሊኒክ ባለሙያዎች ሆይ፥ በዚህ አዳራሽ ካላችሁ ቃሌ ለእናንተም ነው፤ የወደቀችውን ልጅ ከደላላው አስቀድማችሁ ለብቻዋ ጥሯት፥ ውጤቷን በሩ በተዘጋ ክፍል በምትሰማው ቋንቋ ንገሯት፥ ወረቀቱን በእጇ ስጧት፥ የምትታከምበትንም የጤና ጣቢያ ስም ጻፉላት።